ዕቁቤን ለኤሌክትሪክ መኪናው ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሳሪስ ነው ሚሰራው። አንድ አሮጌ ቪትዝ አለችን፣ እሷን እሱ ነው ሚይዛት ምክንያቱም መንገዳችን አይገጥምም። እኔ በታክሲ ነው ምሄደው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ እገባለሁ፣ ትንሿን ልጄን ብዙ ቀን ተኝታ ነው ማገኛት።

አሁን ጉዳዩ ምን መሰሎት፣ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ካልገዛን ብሎ ይዞኛል። ሃሳቡ ቪትዟን ሸጠን የሚጎድለውን ከፊሉን ከመስሪያ ቤቱ ተበድሮ ከፊሉን ደግሞ በኔ ዕቁብ ልንሞላ ነው። ዕቁቤ 300 ሺህ ብር ነው፣ 30 ሰው ሆነን ወር ወር 10 ሺህ እየጣልን እጣዬ ሳይወጣ ሳይወጣ መጨረሻ ላይ ቀርቶ ነው አሁን የደረሰኝ። እኔ ደግሞ ከእህቴ ጋር ሰፈራችን ት/ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ እንከፍትበታለን ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለሱ በደንብ አልነገርኩትም፣ ለቁምነገር ነው ብዬ ብቻ ነው ያለፍኩት።

እሱ ለቤንዚን በወር ወደ 9 ሺህ ብር እያወጣሁ ነው፣ ማደያ ሰልፍ እያለ እየተንገላታሁ ነው፣ ከእንግዲህ የቤንዚን መኪና አይገባም፣ ግድቡም ተመርቋል መብራት ችግር አይሆንም ይላል። እኔ ደግሞ ባትሪው ካለቀ ብረት ይዘን መቅረታችን ነው፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ሆነንስ የት ነው ቻርጅ ምናደርገው፣ ክረምት ላይ ውሃ ቢገባውስ እላለሁ። በዚህ ተጣልተን ሁለት ሳምንት ሆነን፣ ስለ ልጆቹ ካልሆነ አናወራም። ባለፈው እናቱ ቤት ሄደን ሰው ሁሉ ፊት "እሷ እኮ ለውጥ አትወድም" አለ፣ በጣም ነው የተሰማኝ። ዕቁቡ ሚወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ነው። ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

ግራ የገባኝ፣ ከአራብሳ

መልስ፦

እህቴ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የመኪና ጥያቄ መስሎኝ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጅ ብቻ ልጽፍልሽ ነበር፣ ስደግመው ግን "ትንሿን ልጄን ብዙ ቀን ተኝታ ነው ማገኛት" ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሷን በግማሽ መስመር አለፍሻት፣ ለባትሪውና ለዝናቡ ግን ሙሉ ክርክር አለሽ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ያንን ዕቁብ ያስጣለሽ እሷ ግማሽ መስመር ላይ ያለው ነገር ይመስለኛል፣ ከተሳሳትኩ ንገሪኝ።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ ይሄን ለባለቤትሽ እንዲህ ቁጭ ብለሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ ወይ? ሱቁን የፈለግሽው የ12 ሰዓት ተኩሉ መንገድ ስለሰለቸሽ፣ ልጆችሽ ከት/ቤት ሲለቀቁ በእግርሽ ሄደሽ ልትቀበያቸው ስለፈለግሽ መሆኑን ያውቃል? ለቁምነገር ነው ብለሽው ካለፍሽ እሱም መኪናውን ቁምነገር ነው ብሎ ዕቁቡን ሂሳቡ ውስጥ ቢያስገባው ብዙም አልፈርድበትም፣ ምክንያቱም ለምን እንደታሰበ አያውቅማ። እናቱ ፊት የተናገረውን ግን ልክ ነው አልልም። ሰው ፊት የተባለ ነገር ቤት ከተባለው በላይ ይቆያል፣ እሱን ለብቻው አንስተሽ እንዴት እንደተሰማሽ ልትነግሪው ይገባል፣ ከመኪናው ጋር ግን አታደባልቂው።

እኔ ሳየው ሁለታችሁም የምትጣሉት ስለ አንድ መንገድ ነው። እሱ መንገዱን በርካሽ ልሂደው አለ፣ አንቺ ጭራሽ አልሂደው አልሽ። ሁለታችሁንም ያሰለቻችሁ አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ሁለት ሳምንት መኮራረፋችሁ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደሱ ሃሳብ ልምጣ፣ ምክንያቱም ባለቤትሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም ሚያወራው። ከ2016 ጥር ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሰራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ይሄ የታወቀ ነው። የወጪውም ነገር እውነት አለው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት አወር (ቆጣሪው ሚቆጥረው የመብራት መለኪያ) ገደማ ነው ሚበላው፣ እሱ ሳሪስ ደርሶ መልስ በቀን 45 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 6 ወይ 7 ኪሎዋት አወር ነው፣ በወር በስራ ቀን ብታስቢው ወደ 150 ነው ሚመጣው። እናንተ የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ያላችሁ ባለፈው ወር ስንት ብር ሞልታችሁ ስንት ኪሎዋት አወር እንደተጠቀማችሁ አይታችሁ እሱን ጨምሩበት። ልብ በይ ታሪፉ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወጣል፣ ደግሞ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል የተወሰነ ነው። እንደዛም ሆኖ ከ9 ሺህ ብር ቤንዚን ጋር ሲተያይ በጣም እንደሚያንስ አልጠራጠርም። የሂሳብ ሰው ነሽ፣ አንቺው ስሪው፣ እሱ ካወራው ይልቅ አንቺ በወረቀት ያመጣሽው ነው ሁለታችሁንም ሚያሳምናችሁ።

ባትሪውን በተመለከተ ፍራቻሽ ግማሹ ልክ ነው። የመኪናው ባትሪ ብዙ ጊዜ በአንዴ ሞቶ ሚቀር ነገር አይደለም፣ ዓመት እየሄደ ሲመጣ ቀስ በቀስ ነው አቅሙ ሚቀንሰው። ለዝናቡም አትጨነቂ፣ ባትሪው ከስር ታሽጎ ነው ሚሰራው፣ በእርግጥ ጎርፍ ውስጥ መንዳት ለማንም መኪና ጥሩ አይደለም። ልክ የሆነው ግማሽ ደግሞ ይሄ ነው፦ እዚህ ከተማችን ውስጥ ሚሸጡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሰሩ ናቸው፣ ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው ሚጽፈው፣ የቻርጅ ሶኬታቸውም የቻይናው ዓይነት ነው፣ አምራቹ በገዛ አገሩ የሰጠው የባትሪ ዋስትና እዚህ ላይሰራ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ "8 ዓመት ዋስትና አለው" ሲላችሁ የት ሄጄ ነው ማሰራው፣ በማን ፊርማና ማህተም ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ከሆነ ምትገዙት ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ የባትሪው ጤና ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳለ ሳታስነብቡ ቀብድ አትስጡ።

ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ባትሪው ነው በእውነት ያስጨነቀሽ? ሰው አንዳንዴ ዋናውን ነገር መናገር ሲከብደው ሌላ ምክንያት ይደረድራል። እሱ አንዱን ሲመልስልሽ አንቺ ሌላ ታመጫለሽ፣ ከዛ ለሱ "ለውጥ አትወድም" ሚለው ነገር ይታየዋል። ባትሪው 20 ዓመት ይሰራል ቢሉሽስ ዕቁቡን ደስ ብሎሽ ትሰጪው ነበር? መልሱ አይ ከሆነ ክርክሩን ከባትሪው ላይ አንሺው።

ቻርጅ የት ነው ምናደርገው ያልሽው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይበልጥ ከባድ ነው፣ እሱም በቂ መልስ የሰጠሽ አይመስለኝም። እኔ ምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድ ጎረቤታችን መኪና ገዝቶ ከ3ኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አውርዶ ነበር ቻርጅ ሚያደርገው። ገመዱ ስላልደረሰለት መሃል ላይ ሁለት ኤክስቴንሽን ቀጥሎ መጋጠሚያውን ውሃ እንዳይገባበት በፌስታል ጠቅልሎ አስሮት ነበር፣ ልጆች ኳስ ሚጫወቱበት ቦታ ላይ። አንድ ቀን ማታ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን ብለን ስንወጣ ፌስታሉ ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ሶኬቱም ጠቁሮ በእጅ አይነካም። እግዚአብሔር ጠብቆን እንጂ ልጆቹ ከገቡ ገና ግማሽ ሰዓት አልሆነም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከመኪናው ጋር ሚመጣው ቻርጀር ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። የእንጀራ ምጣድሽን አስቢው፣ እሱም ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይሆናል፣ ምጣዱን በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክተሽ ትጋግሪያለሽ? አትጋግሪም፣ ለምጣድ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ነው ሚደረግለት። መኪናውም እንደዛው ነው። ቅዳሜ ምጣዱን ጥደሽ እሱ ደግሞ መኪናውን ሰክቶ ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ላይ ከዋሉ ብሬከሩ እየወረደ ሊጥሽ ይበላሽብሻል።

ደስ ሚለው ነገር በየቀኑ ከባዶ መሙላት አያስፈልግም። ለ45 ኪሎ ሜትር በተራ ሶኬት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሰካ ይበቃዋል፣ ማታ ተሰክቶ ከእንቅልፍ በፊት ሊነቀል ይችላል። ግን ያ ሶኬት ግቢው ውስጥ፣ መኪናው ሚቆምበት ቦታ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የተዘረጋ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ የህንፃው ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መኪና ማቆሚያው የጋራ ነዋ። መስመሩ ከናንተ ቆጣሪ ይውረድ ወይስ ሌላ ቆጣሪ ይጠየቅ ሚለውንም ሰፈራችሁ ያለው የመብራት ኃይል አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ነው ምትጠይቁት። ባለቤትሽ ግድቡ ተመርቋል ማለቱ እውነት ነው፣ 2017 ጳጉሜ 4 ነው የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት ነው አቅሙ፣ እኔም ቲቪ ላይ ሳየው እንባዬ ነው የመጣው። ነገር ግን ግድቡ ኃይል ያመነጫል እንጂ ሰፈራችሁ ያለውን ትራንስፎርመር አይቀይርም፣ አራብሳ ላይ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዛው ቅርብ ነው። በሳምንት ስንት ማታ ነው ሚጠፋባችሁ? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሳምንት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ሳሪስ መስሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥስ ቻርጅ ማድረግ ይፈቀዳል ወይ፣ እሱንም ይጠይቅ። መስሪያ ቤቱ ከፈቀደለት የቤቱ ጣጣ ግማሹ ቀለለ ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ላንሳ፣ ትንሽ ሊከብድሽ ይችላል። መኪናው ቢገዛ ማን ነው ሚነዳው? ዛሬ ቪትዟን እሱ ይዟት ይሄዳል፣ ነገ ኤሌክትሪኩን እሱ ይዞት ይሄዳል። የሱ 9 ሺህ ብር ይቀንሳል፣ የመገናኛው ሰልፍ ግን ላንቺ ያው ነው። ከጎሮ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ባቡሩ ሲመጣ ሞልቶ፣ ታክሲው ሲመጣ ተጋፍተው ገብተውበት፣ ይሄ ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል፣ በዛ ላይ ያንቺ 300 ሺህ ብር ገብቶበት። ይሄን ስጽፍልሽ እንድትናደጂበት አይደለም፣ ግን በቤታችሁ ውስጥ መንገድ የአንድ ሰው ወጪ ብቻ ሆኖ ነው ሚቆጠረው። ቤንዚኑ በብር ስለሚታይ ተቆጠረ፣ ያንቺ ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ሚያልቀው ጊዜ ግን ደረሰኝ ስለሌለው አልተቆጠረም። አንድ ሳምንት ብቻ ጻፊው፣ ስንት ሰዓት ወጣሽ፣ ስንት ሰዓት ሰልፍ ላይ ቆምሽ፣ ስንት ብር ከፈልሽ፣ ስትገቢ ልጆቹ ነቅተው ነበር ወይስ ተኝተው። ስልክሽ ላይ ኖት ላይ በቂ ነው። ከዛ የሱን ቤንዚንና ያንቺን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡት።

ላንቺም ሃሳብ ግን እንደሱ ሃሳብ ጥያቄ ልጠይቅ፣ ካልሆነ ላንቺ ያደላሁ ይመስላል። ሱቁን ስትከፍቺ ስራሽን ወዲያው ትለቂያለሽ ወይስ እህትሽ ትጀምረዋለች? የፎቶ ኮፒ ስራ ት/ቤት ሲዘጋ ይቀዘቅዛል፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ኪራዩን በምን ትከፍያለሽ? መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል። የኪራይ ውሉስ ስንት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል? ይሄን ሁሉ ከእህትሽ ጋር ሰርታችሁት ከሆነ ጎበዝ፣ ካልሆነ ዕቁቡ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ለዚህ ይበቃሉ።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ችግር ሚመጣው፣ እሱም በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። እሱ ከመስሪያ ቤቱ ከተበደረ ከደሞዙ በየወሩ ይቆረጣል፣ ኢንሹራንሱም በመኪናው ዋጋ ልክ ስለሚሰላ ከቪትዟ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ቤታችሁ ያንቺን ደሞዝ ከበፊቱ በበለጠ ይፈልገዋል። አንቺ ደግሞ ደሞዝ ያለበትን ስራ ልትለቂ እያሰብሽ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አይሆኑም። ዛሬ ዕቁቡን ብትሰጪው ገንዘቡን ብቻ አይደለም ምትሰጪው፣ ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ሜክሲኮ መመላለስሽንም ነው ምትፈርሚለት። ይሄን እሱ አስቦት ይሆን? ቢያስበው እንደዛ እንደማያደርግ ነው እኔ ማስበው፣ ክፉ ሰው መሆኑን ደብዳቤሽ አይነግረኝም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ዕቁቡን አሁን ለመኪናው አትስጪው። ቻርጅ ሚደረግበት ቦታ ሳይታወቅ፣ ኮሚቴው ሳይጠየቅ፣ ቪትዟ ስንት እንደምታወጣ ሳይጣራ መኪና አይገዛም። "አልሰጥህም" ብለሽ ግን አትጨርሺው፣ ልከልክለው ያልሽው ቃል ራሱ ደስ አላለኝም። ሱቁ ቆሞ በትንሹም ቢሆን ገቢ ማምጣት ከጀመረ ከዓመት በኋላ ስለ መኪናው አብረሽው ልታስቢ ትችያለሽ፣ ይሄን በቃልሽ ብትነግሪው ለሱ ትልቅ ነገር ነው። እስከዛ ብዙ የተነዱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገበያው ላይ ስለሚኖሩ የባትሪያቸው ነገር በደንብ ይታያል፣ እሱም አይጎዳም። ምናልባት ደግሞ አንቺ ሰፈር ውስጥ መስራት ከጀመርሽ ለቤታችሁ ሚበቃው መኪና ከሚያስበው ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

እስከዛው ጓደኞቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው አይጠፋም፣ አንድ እሁድ ለምኑትና አራብሳ ድረስ ይምጣ፣ አንቺም ግቢ። መንጃ ፈቃድ ካለሽ አንቺ ንጂው። ባለቤትሽ ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ እይለት፣ ይሄ ሰው በየቀኑ ሳሪስ ሲመላለስ የደከመው ድካም አለ፣ እሱም እንዳንቺ ማንም አልጠየቀውም ይሆናል።

ስለ አነጋገሩ አንድ ነገር ልበልሽና ልጨርስ። እሁድ ዕቁብተኞቹ ፊት ብሩን ተቀብለሽ ስትመጪ እንዳይሆን፣ ያኔ ብር ቦርሳ ውስጥ እያለ ማንም ሰው ማንንም አይሰማም። ገንዘቡን በስምሽ ባለው የባንክ ደብተር አስገቢና ሁለት ሦስት ወር ይቀመጥ፣ ይሄንንም አስቀድመሽ ንገሪው እንጂ ደብቀሽ አታድርጊው። ዋናውን ወሬ ግን የፊታችን ቅዳሜ አድርጊው፣ ጋግረሽ ጨርሰሽ ምጣዱ ከተነቀለ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡና ካለሽ ቡና አፍልተሽ። ስለ ባትሪ አንድም ቃል አታንሺ። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ "ዕቁቡን ለምን እንደጣልኩ እስካሁን አልነገርኩህም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬ ልንገርህ።" ከዛ ስለ ልጅሽ ንገሪው፣ ተኝታ ስታገኚያት ምን እንደሚሰማሽ። ከዛ ዝም በይና እሱ እስኪናገር ጠብቂ፣ ቶሎ ባይናገርም ጠብቂው።